ጣት ማንሳት፦ ክራር ስንማር ያሳለፍነው ዓመት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ጠዋት የሒሳብ ሪፖርቱ ሲታደል ብዙዎቻችሁ ገጽ አገላብጣችሁ አንድ መስመር ላይ ስትቆሙ አይተናል። «ክራር፣ ብዛት 4» ይላል። ከእሱ በላይ የልብስ ስፌት መኪና፣ ከእሱ በታች የፕላስቲክ ወንበር ተጽፏል። ሻይ ላይ የሰማነውም ጥያቄ አንድ ነው፦ የቁጠባ ማኅበር ክራር ምን ያደርግለታል? ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ የወጣው ከማኅበራዊ ፈንዱ ነው። ማኅበራዊ ፈንድ ደግሞ ለሐዘን፣ ለወሊድና ለሕመም ተብሎ ከየመቀነታችን ተፈትቶ የተዋጣ ነው። ስለዚህ የክራር ቡድኑ አባላት ተማክረን፣ ቁጥሩን ከማንበብ በፊት ክራር መማር ምን እንደሚመስል ብንነግራችሁ ይሻላል አልን። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ስትሰጡ በምን ላይ እንደምትሰጡ ታውቃላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በቁጠባ ቀን ነው። ገንዘብ ተቆጥሮ፣ ደብተር ተፈርሞ፣ ቡና ሲፈላ ታላላቆቻችን ይዘፍናሉ። የጊምቢዋ አንድ ዜማ ታነሳለች፣ የአርጆዋ ትቀበላለች፣ የደምቢ ዶሎዋ ደግሞ «እኛ አገር እንዲህ አይባልም» ብላ ታርማለች። ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው፣ ሰውም ሳይመሽ ወደ ቤቱ በሚገባባቸው በእነዚያ ጊዜያት የሳምንቱ ትልቁ ጨዋታችን ይኸው ነበር። ከመካከላችን ቀያቸውን ጥለው ወደ ነቀምት የመጡ እህቶች አሉ። ሲዘፈን ዝም ይሉ ነበር። ዜማውን ግን ያውቁታል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኛ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለነው ደግሞ ማጨብጨቡን እንጂ ከግጥሙ ግማሹን አናውቅም። ዘፈኖቹ በአራትና በአምስት ታላላቆች ጉሮሮ ላይ ብቻ ቀርተው እንደነበር ያስተዋልነው ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን ከደጋፊዎቻችን አንዷ ለልጆች ብለው ከላኩልን ካርቶን ውስጥ አንድ ኡኩሌሌ ወጣ። ላላያችሁት፣ ጊታርን የሚመስል ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ክሩ አራት ብቻ ነው፤ ደረት ላይ ተደግፎ ይመታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1879 ከፖርቱጋል የማዴይራ ደሴት ተነሥተው ወደ ሃዋይ የሄዱ ሠራተኞች ይዘውት ከሄዱት ትንሽ ባለ ክር መሣሪያ የተወለደ ነው። ሃዋዮቹ ያወጡለት ስም ሲፈታ «የምትዘል ቁንጫ» እንደ ማለት ነው። ቁንጫን ከልጅነታችን ጀምሮ በደንብ የምናውቅ ሰዎች ነንና ያን ቀን በጣም ሳቅን።

ኡኩሌሌ ለጀማሪ ደግ ነው። ክሩ ለስላሳ፣ አንገቱ አጭር ነው፤ በሁለት ሳምንት ሦስት ኮርድ ያዝን። ኮርድ ማለት ክሮቹን በግራ እጅ ጣት ተጭኖ ሦስትና አራት ድምፅ በአንዴ ማሰማት ነው። ከእናቶቻችን ዘፈን ጋር ስናስኬደው ግን አልሆነም። የእነሱ ዜማ በአንድ መስመር የሚሄድ፣ እየታጠፈ የሚመለስ ነው። ኮርዱ ከላይ ሲጫነው እንደ ጠባብ ጫማ ያስነክሰዋል። ኡኩሌሌን በደንብ የሚችል ሰው ዜማውን ለይቶ ሊመታበት ይችል ይሆናል፤ እኛ ጋ የሚያስተምር አልነበረም። አዴ እያልን የምንጠራቸው ታላቃችን መሣሪያውን አገላብጠው አዩና «ልጆቼ፣ ይኼ የክራር ግልገል ነው፤ እናቱ የት አለች?» አሉ። በዝምድናው የሙዚቃ ሊቃውንት አይስማሙ ይሆናል። ኡኩሌሌ አንገት ያለው የጊታር ወገን ነው፤ ክራር ደግሞ አንገት የለውም፤ ሁለት ምሰሶና ከላይ የተጋደመ ቀንበር ነው ያለው። ዘመዶቹ ከበገና ጀምሮ በሱዳንና በግብፅ ወንዝ ዳር የሚገኙት ናቸው። ቢሆንም የአዴ ጥያቄ ክራር ወደ መፈለግ መራን።

ክራር ፍለጋው ግን ከገበያ በፊት ይሉኝታን አገኘ። ቡድኑን እናቋቁም ስንል ዘጠኝ ሴቶች እጃቸውን አወጡ። በሳምንቱ ስም ስንመዘግብ ከዘጠኙ አራቱ «ቤት ልጠይቅ» አሉ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በአገራችን በገና የዳዊት መዝሙር መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ክራር የመጠጥ ቤትና የፍቅር ዘፈን ነው ተብሎ ተንቋል፤ የሰይጣን መሣሪያ ያሉትም ነበሩ። ሴት ስትይዘው ደግሞ ስድቡ እጥፍ ነው። በማኅበራችን የኦርቶዶክስም፣ የመካነ ኢየሱስም፣ የሙስሊምም እናቶች አሉ፤ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ አመነቱ።

እኛም መከራከር ትተን ሁለት ስሞች አነሣን። አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። በኢትዮጵያ መድረክ ላይ ሴት ተዋናይ ብርቅ በነበረችበት ዘመን የቲያትር ተዋናይ የነበረች፣ ክራሯን ደረቷ ላይ አድርጋ እየደረደረች የምትዘፍን ሴት። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። የድሮ ሙዚቃችንን ለዓለም ያሰማው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም 16ኛውን ቅጽ ለእሷ ሰጥቶ «ባለ ክራሯ እመቤት» ብሏታል። ሌላዋ ሜሪ አርምዴ ናት፤ እሷም በክራሯ የታወቀች ሴት ነበረች። ሁለቱም በዘመናቸው ስለ አኗኗራቸው ብዙ ተብሎባቸዋል። ዛሬ የሚቀረው ድምፃቸው ነው። በአዲስ አበባው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ ክራር ከፒያኖና ከቫዮሊን እኩል ተማሪ ተመድቦለት የሚሰጥ ትምህርት ነው። ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ከአራቱ ሁለቱ መጡ። የቀሩትን አልጎተጎትንም። ሰው በቤቱ ሰላም ላይ ዋጋ የሚከፍልበትን ነገር እኛ በስብሰባ ልንወስንለት አይገባም።

ለነቀምት ሰው ሌላም ምክንያት ነበረን። ኦኔሲሞስ ነሲብን ሁላችንም እናውቃለን፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙ ናቸው። አብራቸው የሠራችው አስቴር ጋኖ ግን ብዙ ጊዜ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ትታለፋለች። በልጅነቷ በባርነት ተወስዳ፣ በባሕር ላይ ነፃ ወጥታ፣ በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች ሴት ናት። ከትርጉሙ ሥራ ሌላ፣ በቃል የሚነገሩ የኦሮሞ ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና እንቆቅልሾችን በመቶዎች ሰብስባ በጽሑፍ አስቀምጣለች። በፈረንጆች 1904 ከኦኔሲሞስ ጋር የመጣችው ወደዚህ ወደ ነቀምት ነው። ቴፕ በሌለበት ዘመን አንዲት ሴት በብዕር ያን ያህል ካስቀመጠች፣ እኛ ሰባት ሆነን፣ ስልክ ይዘን፣ የእናቶቻችንን ሃያ ዘፈን ማስቀመጥ አያቅተንም ብለን ነው የተነሣነው።

አሁን ወደ መማሩ እንምጣ። አራቱ ክራሮች ባለ ስድስት አውታር ናቸው። ገበቴያቸው የሁለቱ እንጨት፣ የሁለቱ ደግሞ የብረት ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ በላዩ የፍየል ቆዳ ተወጥሯል። ድሮ አውታሩ ከጅማት ይሠራ ነበር፤ የእኛ ናይለን ነው። አስተማሪያችን ክራርን ከአጎቱ የተማረ የሰፈራችን ወጣት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሁላችንም ዘፈን ልንማር ጣታችንን አፍታተን ተቀመጥን። እሱ ግን ክራሮቹን በሙሉ አላልቶ «ቃኙ» አለን። አንድ ወር ሙሉ ከመቃኘት በስተቀር ምንም አልሠራንም ማለት ይቻላል።

መቃኘት ለጀማሪ ለምን እንደሚከብድ እንንገራችሁ። የአገራችን ዜማ በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው። የክራሩ አምስት አውታሮች አምስቱን ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ በቀጣዩ እርከን ይደግመዋል። ፒያኖ ላይ ሁሉም ድምፅ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ ኡኩሌሌም ቢሆን አንዴ ከተቃኘ አንገቱ ላይ ሌሎቹን ድምፆች ታገኛላችሁ። ክራር ግን ያልተቃኘለትን ድምፅ አይሰጥም። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ወይም ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ ወደ መቃኛው ተመልሶ አውታር ማጥበቅና ማላላት ያስፈልጋል። ትዝታ ሜጀርን ወደ ትዝታ ማይነር ለመለወጥ፣ ለምሳሌ፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ሁለት አውታር ብቻ ነው የሚነካው፤ የሰርግ ቤት የነበረው ግን የሐዘን ቤት ይሆናል። ይህን መጀመሪያ በጆሯችን የለየን ቀን ከመካከላችን አንዷ ክራሩን አስቀምጣ ወደ ውጭ ወጣች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም። ስትመለስ ቡናዋ አልቀዘቀዘም ነበር።

ስልክ ላይ የሚጫን መቃኛ አለ። ድምፁ ከፍ ካለ ቀይ፣ ልክ ሲሆን አረንጓዴ ያበራል። አስተማሪያችን እስከ ሦስተኛው ወር ከለከለን። «ዓይናችሁ ይቃኛል፣ ጆሯችሁ ይተኛል» ይላል። እኛ እንደምናየው ትክክል ነበር፤ ግን ለብቻዋ ቤት ለምትለማመድ ሴት መቃኛው ጥሩ ነው። ሕፃን ተኝቶ፣ ወጥ ተጥዶ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ ያላት እናት ሩቡን ሰዓት በሙሉ በመቃኘት ልትጨርሰው አይገባም።

ከዚያ ነቀምት ክረምት መጣ። ዝናባችንን ታውቁታላችሁ። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ድምፁም ይወርዳል። ከሰዓት የተቃኘ ክራር ማታ ላይ ከበሮ ውስጥ እንደገባ ድመት ያንጎራጉራል። በጋ ላይ ደግሞ ቆዳው ደርቆ ይወጠርና ድምፁ ከፍ ይላል፤ አውታርም ይበጠሳል። መፍትሔው ከምድጃ ራቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ማሞቅ ነው። እሳት አጠገብ ማስቀመጥ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። በግድግዳ ሚስማር ላይ ከማንጠልጠልም ቁም ሣጥን ላይ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት አለው። ይህን በማንኛውም የሙዚቃ መጽሐፍ አታገኙትም፤ አራት ክራር ይዘን አንድ ክረምት በማሳለፋችን ያወቅነው ነው።

አሁን ስለ ጣት። ክራር በሁለት መንገድ ይመታል። አንዱ መደርደር ነው፤ አውታሩን አንድ በአንድ በጣት መንካት። ሌላው መግረፍ ነው፤ በቀኝ እጅ በመምቻ ሁሉንም አውታር በአንዴ መምታት። ለጀማሪ ግራ የሚያጋባው ግርፉ ነው። ኡኩሌሌ ላይ የሚፈለገውን ድምፅ ለማግኘት ጣት ትጫናላችሁ። ክራር ሲገረፍ ግን የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ በኩል አውታሮቹ ላይ ያርፋሉ፣ ያፍኗቸዋል። እንዲሰማ የምትፈልጉትን አውታር ብቻ ጣት አንስታችሁ ትለቁታላችሁ። መማር ማለት ማንሳትን መማር ነው። ዕድሜያችንን በሙሉ ይዘን፣ ጨብጠን፣ አጥብቀን የኖርን ሴቶች ስለሆንን ይሁን ምን እንጃ፣ አንድ ጣት ብቻ ለይቶ ማንሳት በጣም ከበደን። የቀለበት ጣት ስትነሣ ትንሿም አብራ ትነሣለች። አስተማሪያችን ሊጥ ስታቦኩ፣ ታክሲ ስትጠብቁ፣ ጉልበታችሁ ላይ ተለማመዱ አለን። የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ካልኩሌተር ላይ ተለማመድን። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በዚህ ምክንያት አልዘገየም፤ ፋይሉ ማየት ለሚፈልግ ክፍት ነው።

ከጣትም ከመቃኘትም በላይ የከበደን ግን መሰማት ነው። ጀማሪ ሆኖ መሰማት። አንዲት የአርባ ዓመት እናት ቤቷ ሆና ያንኑ አራት ድምፅ አርባ ጊዜ ስትደጋግም ልጆቿ ይስቃሉ፣ ጎረቤት በአጥር ያያል፣ ባል «ደግሞ ምን ጀመርሽ» ይላል። እንጀራ መጋገርንም አቦል ማፍላትንም የተማርነው በልጅነት፣ ማንም ሳይታዘበን ነው። አዋቂ ሴት አዲስ ነገር ስትሞክር መታየት አልለመደባትም። በቡድን መሆኑ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። ሰባት ሴት አራት ክራር ይዛ አንድ ላይ ስትሳሳት የማን ስሕተት እንደሆነ አይለይም። ሦስቱ ተራ እስኪደርሳቸው ያጨበጭባሉ፣ ዜማውን ይይዛሉ። ብቻዋን ክራር ገዝታ ቤቷ መማር የምትፈልግ እህት ካለች አንከለክልም፤ ቢያንስ አንዲት ጓደኛ ፈልጊ እንላለን።

ምን አገኘን? እስካሁን 14 ዘፈኖችን በስልክ ቀድተናል፤ ግጥማቸውን በደብተር ጽፈናል፤ ዘጠኙን በክራር እናስኬዳለን። አብዛኞቹ በትዝታ ሜጀር ቅኝት ስለገቡልን ቶሎ ሄዱ። ፈጣኑ የወለጋ ጭፈራ አልተቻለንም፤ ጣታችን አይደርስበትም፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንችለዋለን ብለን ቃል አንገባም። ቀደም ብለን ዝም ይላሉ ካልናቸው እህቶች አንዷ ከትውልድ ቀበሌዋ ይዛ የመጣችውን የሕፃን ማባበያ ዜማ አስቀድታለች። ማንም ከእኛ ወገን አያውቀውም ነበር። ክራሩን አልያዘችም፤ «ዜማውን እኔ ልስጣችሁ፣ እናንተ ምቱት» ነው ያለችን። ቡድኑ አሁን እሷ ካልመጣች አይጀምርም።

ምን አላገኘንም? ገንዘብ አላገኘንም። ሁለት ጊዜ ለሰርግ ተጠርተን አልሄድንም። ለክፍያ የሚበቃ ችሎታ የለንም፤ ቢኖረንም ከይሉኝታው ጋር ገና አልጨረስንም። ስለዚህ ክራርን «ገቢ ማስገኛ» ብለን ለደጋፊዎቻችን ብናቀርብ ሐሰት ይሆናል። በሪፖርቱ ውስጥ ይህን ቃል አታገኙትም።

በሒሳብ ቋንቋ አራቱ ክራሮች በሞዴል 19 ገቢ ሆነው በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብባቸዋል። ናይለኑ አላቂ ዕቃ ነው። የአስተማሪው አበል ከአባላት ወርኃዊ መዋጮ እንጂ ከማኅበራዊ ፈንዱ አልወጣም። ዓመቱን ሙሉ በሐዘን ወይም በወሊድ ምክንያት ጠይቃ ፈንዱ ባዶ ነው የተባለች አንዲትም አባል የለችም፤ ኦዲተሮቻችን ይህን አይተዋል። ተቃውሞ ያላችሁ እህቶች ግን አንድ ትክክል ነገር አላችሁ። የሐዘን ገንዘብና የክራር ገንዘብ በአንድ ከረጢት መሆን የለበትም። ፈንዱ ዘንድሮ በቃ፤ በከፋ ዓመት ላይበቃ ይችላል።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ለውሳኔ የምናቀርበው ይህ ነው። ክራሩ ከማኅበራዊ ፈንድ ወጥቶ የራሱ ትንሽ ሒሳብ ይኑረው፤ በፈቃደኞች መዋጮ ይቁም፤ የአራቱን ክራሮች ዋጋም ቡድኑ በ18 ወር ለፈንዱ ይመልስ። የጊምቢና የአርጆ ቅርንጫፎች ክራር ጠይቀውናል። ከዚህ ገዝተን ከመላክ እዚያው ያሉ አናጢዎች እንዲሠሩት እንፈልጋለን። ቆዳው ሲላላ፣ መቃኛው ሲሰበር የሚጠግን ሰው በእግር በሚደረስበት ቦታ መኖር አለበት። ደጋፊዎቻችንም መሣሪያ አትላኩልን። ኡኩሌሌዋን ልጆቹ ይወዷታል፣ አንድ በቂ ነው። ይልቅ ለቀረጻው ማስቀመጫ የሚሆን አንድ ላፕቶፕ ብታገኙልን፣ ዘፈኖቹ በሦስት ሰው ስልክ ላይ ብቻ ናቸው፤ ስልክ ደግሞ ይጠፋል።

ክራሮቹ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። በምሳ ሰዓት መሞከር የምትፈልጉ ንኩ፣ አትፍሩ። ጨጨብሳ የበላችሁ ግን መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ፤ ቆዳው ቅቤ አይወድም።